ኸይር የለሿ ደሴት፦ የሙስሊም ከተሞች፣ ውሾቻቸው፣ ድመቶቻቸው እና የጽዳት አማና

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ከኢስታንቡል ወጣ ብሎ፣ በማርማራ ባህር ውስጥ አንዲት ድንጋያማ ደሴት አለች። የሚጠጣ ውሃ የላትም፤ ሰውም አይኖርባትም። ቱርኮች ሲቭሪአዳ (ሹሏ ደሴት) ይሏታል። ሌላም ስም አላት፦ ሀይርሲዝአዳ። «ሀይር» የሚለው ቃል ያው እኛ «ኸይር» የምንለው ነው። ሀይርሲዝአዳ ማለት እንግዲህ ኸይር የለሽ ደሴት ማለት ነው።

እ.ኤ.አ በ1910 የኢስታንቡል ማዘጋጃ ቤት የከተማዋን ውሾች ከየመንገዱ እየለቀመ ወደዚህች ደሴት አጋዘ። ቁጥራቸው በአስር ሺዎች ይገመታል። ምግብ አልተተወላቸውም፤ ውሃም አልነበረም። በሙቀቱ ወራት በረሃብና በጥም አለቁ፤ እርስ በርስ ተበላሉ። ነፋሱ ወደ ከተማዋ ሲነፍስ ጩኸታቸው እስከ ኢስታንቡል ይሰማ እንደነበር ይወሳል።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ የሆነው ሙስሊሞች ለዘመናት የሰፈር ውሻን ሲመግቡ በኖሩበት ከተማ ነው። ለውሻና ለድመት ብለው ውሃ የሚያስቀምጡ፣ ሳንባና ጉበት ገዝተው የሚያድሉ ሰዎች ከተማ ነበረች። ታዲያ እንዴት እዚህ ተደረሰ? መልሱን ለማግኘት ወደ ኋላ ብዙ መሄድ አለብን። ጉዳዩ የውሻ ብቻ አይደለም። «ከተማን የሚያቆሽሸው ማን ነው? የሚያጸዳውስ?» የሚል ጥያቄ አለበት። ይህ ጥያቄ ዛሬም በየሰፈራችን፣ በየኮንዶሚኒየሙ ደጃፍ ያለ ጥያቄ ነው።

◆ መነሻው፦ መዲና

የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ በመጀመሪያው ዘመን ምሰሶው የተምር ግንድ፣ ጣራው የተምር ዝንጣፊ፣ ወለሉ አፈር ነበር። ዐብዱላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) በዚያ ዘመን ውሾች በመስጂዱ ውስጥ ይወጡና ይገቡ እንደነበር፣ ለዚህም ብለው ወለሉን ውሃ ይረጩ እንዳልነበር አውርተዋል። ዘገባው በቡኻሪ ውስጥ ይገኛል። ዑለማዎች ሲያብራሩት፣ ይህ መስጂዶች በር ሳይበጅላቸው በፊት የነበረ ሁኔታ ነው ብለዋል። አፈሩ በፀሐይና በነፋስ ሲደርቅ ይጠራል ብለው ማስረጃ ያደረጉትም አሉ።

በዚሁ መስጂድ ውስጥ አንድ የገጠር ሰው ሽንቱን በሸና ጊዜ ሰሓባዎች ሊነሱበት ሲሉ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከለከሏቸው። እስኪጨርስ እንዲተዉት፣ ከዚያም በቦታው ላይ አንድ ባልዲ ውሃ እንዲያፈሱበት አዘዙ። ሰውየውንም በለሰለሰ ቃል አስተማሩት። ልብ በሉ፦ ነገሩን ቀለል አድርገው ያዙት፤ ነጃሳውን ግን አልተዉትም። ርኅራኄውና ጽዳቱ አንድ ላይ ነው የመጡት።

መስጂዱን ትጠርግ የነበረች አንዲት ጥቁር ሴትም ነበረች። በሞተች ጊዜ ጉዳዩዋን ቀላል አድርገው በማየት ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሳይነግሯቸው ቀበሯት። እርሳቸው ግን ስለ እርሷ ጠየቁ። «ለምን አልነገራችሁኝም?» በማለት ወቀሱ፤ ወደ ቀብሯ ሄደውም ሰገዱባት። ቆሻሻ የሚያነሳ ሰው በእስልምና ያለው ቦታ ይህ ነው።

ስለ ውሻ የመጡ ድንጋጌዎችን አንዳንዶች ግማሹን ብቻ ይናገራሉ፤ ሙሉውን እናስቀምጥ። ውሻ አፉን የከተተበት ዕቃ ሰባት ጊዜ እንዲታጠብ፣ የመጀመሪያውም በአፈር እንዲሆን ታዟል። ለአደን፣ ለከብት ጥበቃ ወይም ለእርሻ ካልሆነ በቀር ውሻ የሚይዝ ሰው ከአጅሩ በየቀኑ እንደሚቀነስበት ተነግሯል። በአንድ ወቅት የመዲና ውሾች እንዲገደሉ ታዞ እንደነበር፣ ኋላ ግን ትዕዛዙ መነሳቱን ሙስሊም ዘግበዋል። ተናካሹና ጎጂው ተለይቶ ቀረ።

በሌላ በኩል፣ በጥም ምላሱን አውጥቶ እርጥብ አፈር ሲልስ የነበረን ውሻ ያየ መንገደኛ ጉድጓድ ወርዶ በጫማው ውሃ ቀድቶ አጠጣው። አላህም ማረው። ከበኒ ኢስራኢል የሆነች አንዲት ዝሙተኛ ሴትም በዚሁ ሥራ ምሕረት አገኘች። በቁርኣንም የዋሻው ባልደረቦች ታሪክ ሲነገር ውሻቸው በደጃፉ ላይ እግሮቹን ዘርግቶ እንደተኛ ተጠቅሷል።

የፊቅህ ሰዎች በዝርዝሩ ተለያይተዋል። በሻፊዒዮችና በሐንበሊዮች ዘንድ ውሻ ሙሉ አካሉ ነጃሳ ነው። በሐነፊዮች ዘንድ ነጃሳው ምራቁ ነው። ማሊኪዮች ደግሞ ውሻ በሕይወት ሳለ ንጹሕ ነው፣ የዕቃው እጥበትም የዒባዳ ትዕዛዝ ነው ብለዋል። እንስሳውን ማሰቃየት ይፈቀዳል ያለ መዝሀብ ግን የለም። ነጃሳነት የጦሃራ ድንጋጌ ነው፤ የጭካኔ ፈቃድ አይደለም።

◆ ድመት፦ በቤታችን የሚዞረው

የድመት ነገር ሌላ ነው። ከብሻ ቢንት ከዕብ ለአማቷ ለአቡ ቀታዳ (ረ.ዐ) የዉዱእ ውሃ ስታዘጋጅ ድመት መጥታ ልትጠጣ ፈለገች። አቡ ቀታዳ ዕቃውን ዘንበል አደረገላት። ከብሻ በመገረም ስታየው «የወንድሜ ልጅ፣ ይደንቅሻልን?» አላትና ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ድመት ነጃሳ እንዳልሆነች፣ በመካከላችን ከሚዞሩት አንዷ እንደሆነች መናገራቸውን አስረዳት። ዘገባው በሙወጠእ፣ በአቡ ዳውድና በቲርሚዚ ይገኛል።

ታላቁ የሐዲስ አስተላላፊ አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ስማቸውን ያገኙት ከድመት ነው። የቤተሰባቸውን በጎች ሲጠብቁ የሚጫወቱባት ትንሽ ድመት ነበረቻቸው፤ ማታ ዛፍ ላይ ያሳድሯት ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናርም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) «ሙዓዛ» የምትባል ድመት እንደነበራቸው፣ ተኝታበት የነበረውን የልብስ እጅጌ ላለመቀስቀስ ቆርጠው እንደተነሱ የሚወራው ታሪክ በታወቁ የሐዲስ መዛግብት ውስጥ አይገኝም። ለድመት ለማዘን ያ ታሪክ አያስፈልገንም። የተረጋገጠው ይበቃል።

ከተረጋገጡት አንዱ የዚህ ጽሑፍ ቁልፍ ነው። አንዲት ሴት በድመት ምክንያት እሳት ገባች። ድመቷን በእጇ አልገደለቻትም። ዘጋችባት። አላበላቻትም፤ ከምድር ነፍሳት ለቅማ እንድትበላም አልለቀቀቻትም። ይህን ሐዲስ ልብ ላይ ያዙት፤ ኢስታንቡል ስንደርስ እንመለስበታለን።

◆ ሙህተሲቡና የስጋ ቤቱ ጨው

ከተሞች ሲሰፉ የጽዳት ጉዳይ በሰው በጎ ፈቃድ ብቻ አልተተወም። ገበያውን፣ ሚዛኑንና መንገዱን የሚቆጣጠር «ሙህተሲብ» የሚባል ሹም ነበር። በ12ኛው ክፍለ ዘመን በሻም ምድር የነበሩት ዐብዱረሕማን አሽ-ሸይዘሪ ለሙህተሲቦች መመሪያ የሚሆን መጽሐፍ ጽፈዋል። ዛሬ ቢነበብ የጤና ቢሮ ደንብ ይመስላል። ሊጥ የሚያቦካው ሰው አፉን እንዲሸፍን፣ ላቡ እንዳይንጠባጠብ ግንባሩን በጨርቅ እንዲያስር፣ የክንዱን ጸጉር እንዲላጭ ይላል። ባለ ሱቆች ገበያውን ከቆሻሻና ከጭቃ እንዲጠርጉም ያዝዛል።

ስጋ ሻጮችን በተመለከተ ያለው ይበልጥ ያስደንቃል። በሱቃቸው ደጃፍ ማረድ ይከለከላሉ፤ ደሙና ፈርሱ መንገዱን ይበክላል፣ አላፊ አግዳሚውንም ይረጫል። ማታ ሲዘጉ ደግሞ ስጋ የሚከተፍበትን ግንድ የተፈጨ ጨው እንዲነሰንሱበት ይታዘዛሉ። ለምን? ውሾች እንዳይልሱት።

እስቲ ይህን እናስተውል። በገበያው ውስጥ ውሾች ነበሩ ማለት ነው። ሹሙ ግን «ውሾቹን ግደሉ» አላለም። «ግንድህን ጨው ነስንስበት» አለ። ኃላፊነቱን የጣለው በውሻው ላይ ሳይሆን በባለ ስጋ ቤቱ ላይ ነው። ውሻ የሚመጣው የሚላስ ሲኖር ነውና።

◆ ካይሮ፦ የድመቶቹ ወቅፍ

እ.ኤ.አ ከ1260 እስከ 1277 ግብፅንና ሻምን የገዙት የመምሉክ ሱልጣን አዝ-ዛሂር በይበርስ ሞንጎሎችንና የመስቀል ጦረኞችን በመመከት ይታወቃሉ። ካይሮ ውስጥ በስማቸው በሚጠራው መስጂድ አቅራቢያ አንድ የአትክልት ቦታ ወቅፍ አድርገው ነበር። ተጠቃሚዎቹ ማን መሰሏችሁ? ባለቤት የሌላቸው የከተማዋ ድመቶች። ቦታው «ገይጥ አል-ቂጣ»፣ የድመቷ እርሻ ይባል ነበር።

እ.ኤ.አ በ1830ዎቹ ካይሮ የኖረው እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ሌን የዚህን ወቅፍ መጨረሻ ጽፎልናል። መሬቱ ተደጋግሞ ተሸጦ፣ ለድመቶቹ የሚደርሰው ኪራይ በዓመት 15 ቅርሽ ብቻ ሆኖ ነበር። ሆኖም ቃዲው የወቅፎች ሁሉ ጠባቂ ስለሆኑ ወጪው በእርሳቸው ላይ ወደቀ። በየቀኑ ዐስር አካባቢ የከተማዋ ድመቶች በፍርድ ቤቱ ሰፊ ግቢ ይሰበሰባሉ፤ ምግባቸውም ይቀርብላቸዋል። ድመቱን ማስወገድ የፈለገ የካይሮ ሰውም አምጥቶ እዚያው ግቢ ይለቃት ነበር። ከበይበርስ ሞት በኋላ ከ500 ዓመታት በላይ አልፎ ማለት ነው!

ይህ የአንድ ደግ ሱልጣን ስሜት ብቻ አልነበረም፤ ሕጋዊ መሠረት ነበረው። በዚያው በ13ኛው ክፍለ ዘመን በካይሮ የኖሩት ታላቁ የሻፊዒ ዓሊም ዒዙዲን ኢብኑ ዐብዲሰላም እንስሳት በሰው ላይ ያላቸውን ሐቅ ዘርዝረዋል። እንስሳው ቢያረጅና ቢታመም፣ ጥቅም ባይሰጥ እንኳ ቀለቡን ማቋረጥ አይፈቀድም ብለዋል።

የዚያችው ካይሮ ውሾች ሌላ ዕጣ ገጠማቸው። እ.ኤ.አ በ1798 የናፖሊዮን ጦር ከተማዋን ሲይዝ ሌሊት የሚዞሩት ወታደሮች በውሾች ጩኸት ተማረሩ። የተመረዘ ስጋ በየመንገዱ በተኑ። የዘመኑ የታሪክ ጸሐፊ አል-ጀበርቲ እንደመዘገቡት፣ የካይሮ ሰው ሲነጋ መንገዱን በውሻ ሬሳ ተሞልቶ አገኘው።

◆ ኢስታንቡል፦ የሰፈር ውሻ

የዑስማኒያዎች ኢስታንቡል ለሃይማኖቱም ለከተማ ኑሮም የሚመች አንድ መንገድ አግኝታ ነበር። ውሻ ቤት ውስጥ አይገባም፤ ግን አይባረርም። የሰፈሩ ነው። እያንዳንዱ ሰፈር የራሱ ውሾች ነበሩት፤ እነርሱም ወሰናቸውን አያልፉም ነበር። የሌላ ሰፈር ውሻ ከገባ ጠብ ነው። ውሻ ስትወልድ ደጃፍ ላይ ጎጆ የሚሰሩላት ነበሩ። ሳንባና ጉበት በዘንግ አንጠልጥለው የሚዞሩ ሻጮች ነበሩ፤ ሰዎች በሰደቃ ኒያ ገዝተው ለድመቶችና ለውሾች ያድሉ ነበር።

ውሾቹም በነፃ አይኖሩም ነበር። ሰው ከቤቱ አውጥቶ የሚጥለውን የምግብ ትራፊና የእርድ ቆሻሻ እየበሉ መንገድ ያጸዱ ነበር። ሌሊት እንግዳ ሲመጣ ይጮሃሉ። እ.ኤ.አ በ1867 ከተማዋን የጎበኘው አሜሪካዊው ደራሲ ማርክ ትዌይን ውሾቹ ከሲታና አሳዛኝ መሆናቸውን ጽፏል፤ የከተማዋ ጽዳት ሠራተኞች መሆናቸውንም ሳይናገር አላለፈም። እዳሪያቸው እንኳ ሥራ ላይ ይውል ነበር። በዚያ ዘመን በብዙ አገር የቆዳ ፋቂዎች ቆዳን ለማለስለስ የውሻ እዳሪ ይጠቀሙ ነበር፤ ለንደን ውስጥ ይህንን ከመንገድ እየለቀሙ የሚሸጡ ድሆች ነበሩ። ኢስታንቡል ውስጥም ካዝሊቸሽሜ በሚባለው ሰፈር ታላላቅ የቆዳ ፋቂዎች ነበሩ።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነገሩ ተለወጠ። እ.ኤ.አ በ1855 ዘመናዊ ማዘጋጃ ቤት ተቋቋመ። በ1871 በፈረስ የሚጎተት ትራም መጣ። ሹማምንቱ ከተማቸውን በአውሮፓውያን ዓይን ማየት ጀመሩ፤ ውሻ የኋላ ቀርነት ምልክት ሆነ። እውነተኛ የጤና ስጋትም ነበር። ሉዊ ፓስተር የእብድ ውሻ በሽታን ክትባት በ1885 በሰው ላይ ሲሞክር፣ ሱልጣን ዐብዱልሐሚድ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪሞችን ወደ ፓሪስ ላኩ፤ ለፓስተርም ኒሻንና ገንዘብ አበረከቱ። በ1887 የክትባቱ ማዕከል ኢስታንቡል ውስጥ ተከፈተ። ይህ የሚያስመሰግን ሥራ ነበር።

◆ 1910

በ1908 «የአንድነትና የእድገት» ፓርቲ ሥልጣን ያዘ። አዲሶቹ መሪዎች ከተማዋን ባንድ ጊዜ ዘመናዊ ማድረግ ፈለጉ። በ1909 ዐብዱላህ ጀውደት የሚባል ሐኪምና ጸሐፊ ውሾቹ እንዲወገዱ የሚወተውት ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። በኢስታንቡል የፓስተር ተቋም ኃላፊ የነበረው ፈረንሳዊው ዶክተር ሬምሊንገር ደግሞ ውሾቹ በጋዝ እንዲገደሉ፣ ቆዳቸውና ስባቸው እንዲሸጥ ሐሳብ አቀረበ።

በከተማው ውስጥ በግልጽ መግደል የሕዝቡን ቁጣ ሊቀሰቅስ ይችላል። ስለዚህ ደሴቷ ተመረጠች። በብረት መቆንጠጫ እየያዙ፣ በሳጥን እያጎሩ፣ በጀልባ እየጫኑ ወሰዷቸው። አንዳንድ የሰፈር ሰዎች ተጣልተው ውሾቻቸውን አስጥለዋል። ደሴቷ ድረስ በጀልባ ሄደው ምግብ የወረወሩም ነበሩ።

አሁን ወደዚያች ድመቷን ወደዘጋችባት ሴት እንመለስ። የማዘጋጃ ቤቱ ሰዎች «እኛ አልገደልናቸውም» ሊሉ ይችላሉ። እርሷም አልገደለችም። አላበሉም፤ ፈልገው እንዲበሉም አልለቀቁም። ያ ሐዲስ ስለ ሀይርሲዝአዳ የተነገረ እስኪመስል ድረስ ቃል በቃል ይገጥማል። አስደንጋጩ ነገር፣ ሐዲሱ በሙስሊሞች ዘንድ የታወቀ ነበር። ከዚያ በኋላ የባልካን ጦርነት (1912) እና የዓለም ጦርነት (1914) ተከታትለው ሲመጡ፣ ብዙ የከተማዋ ሰዎች «የውሾቹ ግፍ ነው» አሉ። የአላህን ውሳኔ ምክንያት እኛ አንወስንም፤ የሕዝቡ ሕሊና ግን እረፍት እንዳላገኘ ይነግረናል።

ደግሞስ ተሳካ? አልተሳካም። በ1912 ከንቲባ የሆኑት ዶክተር ጀሚል ቶፑዝሉ በትዝታ መጽሐፋቸው ውስጥ 30,000 የሚሆኑ ውሾችን ቀስ በቀስ እንዳስገደሉ ጽፈዋል። ከሁለት ዓመት በኋላ ማለት ነው! ቆሻሻው በመንገዱ ላይ እስካለ ድረስ የተረፉት ተዋልደው ቦታውን ይሞሉታል። ውሻውን አነሱ፤ ውሻውን የሚጠራውን ነገር ግን አላነሱም።

ከመቶ ዓመት በኋላም ጉዳዩ አልተዘጋም። ቱርክ በ2004 ባወጣችው ሕግ የመንገድ ውሾች እየተያዙ እንዲመከኑ፣ ተከትበው ወደ ቦታቸው እንዲመለሱ ተደነገገ። አፈጻጸሙ ደካማ ነበር። መንግሥት ቁጥራቸውን 4 ሚሊዮን ገደማ ገመተ፤ በውሻ የተነከሱ ሕፃናት ወላጆችም ጮሁ። በሐምሌ 2024 (እ.ኤ.አ) ምክር ቤቱ ውሾቹ ወደ መጠለያ እንዲሰበሰቡ የሚያዝ ማሻሻያ አጸደቀ። በክርክሩ ወቅት የሀይርሲዝአዳ ስም ደጋግሞ ተነሳ። የተነከሰውም ልጅ ሐቅ አለው፤ እንስሳውም ሐቅ አለው። ከሁለት አንዱን ብቻ የሚያይ መፍትሔ ዘላቂ አልሆነም።

◆ ሐረር፦ የጅቦቹ በር

ወደ አገራችን እንምጣ። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት የሐረር ጀጎል ግንብ ከሰው መግቢያ በሮች ሌላ ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉት። ጅቦች ሌሊት የሚገቡባቸው ናቸው። ጅቡ ገብቶ የዕለቱን የምግብና የእርድ ትራፊ በልቶ ይወጣል። በዓሹራ ጊዜ ገንፎ የሚቀርብላቸውም ልማድ አለ። ዩኔስኮ በ2006 የመዘገበው ይህ ግንብ ከነቀዳዳው ነው።

ሐረር ከጅብ ጋር፣ ኢስታንቡል ከውሻ ጋር ያደረጉት ስምምነት አንድ ዓይነት ነው፦ «እኛ እንጥላለን፣ እናንተ ታጸዳላችሁ»። ያ ስምምነት የሠራው ቆሻሻው የምግብ ትራፊና አጥንት ብቻ በነበረበት ዘመን ነው። ዛሬ ግን ፌስታሉ፣ ፕላስቲኩ፣ ዳይፐሩ አብሮ ይጣላል። ይህንን ጅብም ውሻም አይበላውም። ስለዚህ የጽዳቱ ሥራ ወደ ባለቤቱ፣ ወደ ሰው ተመልሷል።

◆ «የኔ ውሻ ነው» ላለ ሰው

የመንገድ ውሻ ወደ ቤት ውሻ ሲለወጥ ሌላ ችግር መጣ። ሰፊው ሰፈር ጠብቦ ፎቅ ሆነ፤ ውሻውን ግን ደጅ ማውጣት ግድ ነው። ፓሪስ ከ1982 ጀምሮ የውሻ እዳሪ የሚመጡ ሞተር ብስክሌቶችን አሰማራች። ባለ ውሻው «ማዘጋጃ ቤቱ ያነሳዋል» ብሎ ተኛ፤ ወጪው ከበደ፣ በ2004 ቀረ። ኒውዮርክ በተቃራኒው ሄደች። ከነሐሴ 1 ቀን 1978 ጀምሮ ውሻውን ያወጣ ሰው እዳሪውን ራሱ እንዲያነሳ፣ ካላነሳ እንዲቀጣ ሕግ አወጣች። በመጀመሪያ ብዙ ተሳቀበት፤ ብዙ ተቃወሙትም። ዛሬ በዓለም ትላልቅ ከተሞች የተለመደው ይኸው ነው።

ለእኛ ይህ እንግዳ ሊሆን አይገባም። በሰዎች መንገድና በጥላቸው ሥር መጸዳዳት እርግማንን እንደሚያመጣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስጠንቅቀዋል። ጎጂ ነገርን ከመንገድ ማንሳት ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ መሆኑን አስተምረዋል። ውሻህ በጎረቤትህ ደጃፍ፣ ወደ መስጂድ በሚወስድ መንገድ ላይ ከተጸዳዳ ያ ነጃሳ የማን ነው? ውሻው ሙከለፍ አይደለም። አንተ ነህ።

◆ ለሰፈራችን፦ አራት ነገሮች

አንደኛ፣ የእርድ ትራፊ። በአረፋ በዓል ኡድሒያ ስናርድ ቋጠሮ ያለበትን ሳንባና ጉበት ለውሻ የመወርወር ልማድ አለ። ቋጠሮው የትል ቤት ነው። ውሻው ሲበላው ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፤ እንቁላሉ በእዳሪው ይወጣል። ከዚያ በሣሩ ወደ በግ፣ ባልታጠበ ጎመንና እጅ ወደ ልጆቻችን ይገባል። በጉበትና በሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት ሆኖ ከዓመታት በኋላ በቀዶ ሕክምና የሚወጣው ይህ ነው። የታመመውን ሆድ ዕቃ በጥልቅ ጉድጓድ መቅበር ወይም ማቃጠል ይገባል። ለውሻው ማዘን የፈለገ ንጹሑን ቀቅሎ ይስጠው።

ሁለተኛ፣ የእብድ ውሻ በሽታ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ ይሞታሉ፤ ወደ ሰው ከሚተላለፈው 99 በመቶው በውሻ ነው። ከተጠቂዎቹ 40 በመቶ የሚሆኑት ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ትልልቆቻችን አዲስ አበባ «ፓስተር» ተብሎ በሚጠራው ተቋም ሆድ ላይ ይወጋ የነበረውን፣ ከበግ አንጎል የሚዘጋጀውን መርፌ ያስታውሳሉ። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይጠብ፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳኛው የለምና «ትንሽ ጭረት ናት» አይባልም። ከአካባቢው ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ ግን የበሽታው ሰንሰለት ይቆረጣል።

ሦስተኛ፣ የድመት አሸዋ። በዐረብ አገር የሠሩ እህቶቻችን ድመት የምትጸዳዳበትን የአሸዋ ሳህን በደንብ ያውቁታል። በድመት እዳሪ የሚወጣ አንድ ተውሳክ ለፅንስ አደገኛ ነው። ተውሳኩ ለመበከል የሚበቃው ከወጣ ከአንድ ቀን በኋላ በመሆኑ አሸዋውን በየቀኑ መቀየር ይጠቅማል። ነፍሰ ጡር ሴት ሥራውን ለሌላ ትተው፤ ሌላ ሰው ከሌለ ጓንት ታድርግ፣ እጇንም በሳሙና ትታጠብ። ድመት ንጹሕ ናት መባሉ እዳሪዋን አይጨምርም።

አራተኛ፣ መርዝ። የተመረዘ ስጋ በትኖ ውሻ መግደል በከተሞቻችን የታወቀ ዘዴ ነበር። ውሻው በስቃይ ይሞታል፤ ሬሳው በየቱቦው ይበሰብሳል፤ መርዙ ለሕፃንም ለሌላ እንስሳም ይተርፋል። በጥቂት ወራት ውስጥ ደግሞ ሌላ ውሻ ቦታውን ይይዛል። ካይሮ በ1798፣ ኢስታንቡል በ1910 አይተውታል። ተናካሹንና ያበደውን ለሚመለከተው አካል ማስታወቅ፣ የቀረውን ማስከተብና ማስመከን፣ ከሁሉም በፊት ግን የቆሻሻ ገንዳውን መክደን ይቀድማል።

ውድ አንባቢያን፣ የመዲናው ባልዲ ውሃ፣ የስጋ ሻጩ ጨው፣ የበይበርስ የድመት እርሻ አንድ ነገር ያስተምሩናል። እንስሳው የሚጠየቅበት ሒሳብ የለም። የምንጠየቀው እኛ ነን፦ በጣልነው ቆሻሻም፣ በዘጋነው በርም። ዛሬ ማታ በቤታችሁ የተረፈውን ምግብ ስታወጡ፣ የሚበላውን ከማይበላው ለዩት፤ የማይበላውን አስራችሁ ገንዳው ውስጥ ጨምሩት። ከደጃፋችሁም አንድ ሳህን ውሃ አኑሩ።

ወላሁ አዕለም።